በቤት የሚጋገር የስፒናችና የአርቲቾክ ዲፕ፦ ከገበያው ጋር ሲመዘን

በአሜሪካ ሱፐርማርኬቶች ከሃሙስ (ከተፈጨ ሽምብራ ከሚሠራው ማጥቀሻ) ጎን ተደርድሮ የሚሸጠውና ከኦቨን እንደወጣ ትኩሱን በቺፕስ እየተጠቀሰ የሚበላው የስፒናችና የአርቲቾክ (የአበባ እምቡጡ የሚበላ አትክልት) ዲፕ፣ በእኛ ማኅበረሰብ የልደትና የክርስትና ግብዣዎች ላይም መታየት ጀምሯል። የአትክልት ምግብ ነው ቢባልም የብዙዎቹ መሠረት ክሪም ቺዝ፣ ሳወር ክሪምና ማዮኔዝ ነው። እዚህ የምገመግመው እነዚህን ሦስቱን በግሪክ እርጎ (ውሃው ተጠልሎ በወፈረ እርጎ) እና በአይብ ተክቶ ዲፑን በቤት የማዘጋጀትን ዘዴ ነው። ፍርዴን አስቀድሜ ልናገርና፣ የቤቱ በጣዕም ከገበያው አያንስም፣ በቅባት ግን በእጅጉ ያንሳል፤ የሚሸነፈው በልስላሴው፣ በመለጠጡና በሚጠይቀው ድካም ነው።

ልዩነቱ የሚጀምረው ከመሠረቱ ነው። በአሜሪካ ደንብ መሠረት አንድ ምርት ክሪም ቺዝ ተብሎ እንዲሸጥ ቢያንስ 33 በመቶ፣ ሳወር ክሪም እንዲባል ደግሞ ቢያንስ 18 በመቶ የወተት ቅባት ሊኖረው ይገባል፤ ማዮኔዝም ቢያንስ 65 በመቶው የአትክልት ዘይት ነው። በብዙ የምግብ አሠራር መመሪያዎች ላይ የሚታዘዘው የተለመደው 226 ግራም ክሪም ቺዝ ብቻውን ወደ 800 ካሎሪ ይጠጋል፣ በተመሳሳይ ክብደት ያለው ቅባቱ ያልወጣለት የግሪክ እርጎ ግን ከዚህ ከሲሶ በታች ነው፤ ፕሮቲኑም ይበልጣል። የታሸገው ዲፕ መለያ የሚያሳየው የካሎሪ መጠን ብዙውን ጊዜ የ2 የሾርባ ማንኪያ መሆኑንም ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ሳህን ዙሪያ ተቀምጦ በ2 ማንኪያ የሚያቆም እንግዳ እስካሁን አላየሁም።

ለአንድ መካከለኛ መጋገሪያ ሳህን 280 ግራም ገደማ በፍሪዘር የቀዘቀዘ ስፒናች፣ 400 ግራም ያህል የሚይዝ አንድ ጣሳ አርቲቾክ፣ አንድ ኩባያ ተኩል እርጎ፣ ግማሽ ኩባያ አይብ፣ ግማሽ ኩባያ የተፈቀፈቀ ፓርሜዛን፣ ሁለት ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የበቆሎ ስታርችና ቁንዶ በርበሬ ይበቃል። ሁሉም ተደባልቆ በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ጠርዙ እስኪንተከተክና ላዩ ወርቃማ እስኪሆን ድረስ፣ ማለትም ከ20 እስከ 25 ደቂቃ፣ ይጋገራል። ፓርሜዛን በራሱ ጨዋማ ስለሆነ ሌላ ጨው አልጨምርም።

የዘዴው ዋና ፈተና ውሃ ነው። ስፒናች ከ90 በመቶ በላይ ውሃ በመሆኑ የቀዘቀዘው ከሟሟ በኋላ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሎ ጠብታ እስኪጠፋ ድረስ መጨመቅ አለበት፤ ጎመን በአይብ ሠርቶ የሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልገውም። ክሪም ቺዝ በቅባቱ ብዛት ጥቂት ውሃን ደብቆ ያልፋል፣ እርጎ ግን ምንም አይደብቅም፤ ሳህኑ ግርጌ አረንጓዴ ውሃ ያቁራል። እርጎው ራሱም ሙቀት ሲበዛበት ፕሮቲኑ እየተጨማደደ ውሃውን ይለቃል። ስታርቹ የሚገባው ይህን ለመከላከል ነው። በዚሁ ምክንያት ቅባቱ ፈጽሞ የወጣለትን፣ 0 በመቶ የሚል የተጻፈበትን እርጎ ለኦቨን አልመክርም፤ ቶሎ ይቆራረጣል፣ ጣዕሙም ወደ ኮምጣጣ ያደላል። ካሎሪ ለመቀነስ ሲባል የዲፑን ጣዕም መሠዋት ተገቢ አይመስለኝም።

አርቲቾኩ በዘይትና በቅመም ሳይሆን በውሃ የታሸገው ይመረጣል፤ አጥልሎ በቀዝቃዛ ውሃ ማለቅለቅ የማሸጊያውን ጨው በከፊል ያስወግዳል። በነገራችን ላይ፣ በአሜሪካ የሚበቅለው አርቲቾክ ሁሉም ለማለት ይቻላል ከካሊፎርኒያ ይመጣል፤ ካስትሮቪል የተባለችው ትንሽ ከተማም የዓለም የአርቲቾክ ማዕከል ነኝ ትላለች። የጣሳውን መለያ ያገላበጠ ሰው ግን ስፔን ወይም ፔሩ የሚል ቢያገኝ አይደነቅ።

በእኔ ግምገማ ከሁሉ የበለጠውን ነጥብ የሚያገኘው የአገር ቤት አይብ ነው። ቅቤ ከወጣለት አሬራ ስለሚሠራ ቅባቱ ጥቂት ነው፣ በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ፣ ሲልቨር ስፕሪንግና አሌክሳንድሪያ አካባቢ ባሉ የሐበሻ መደብሮችም አይጠፋም። ችግሩ በእሳት የማይቀልጥ መሆኑ ነው፤ እንዳለ ከገባ ፍርፋሪው በአፍ ይሰማል። ከእርጎው ጋር አስቀድሞ በብሌንደር ከተመታ ግን ወፍራምና ወጥ መሠረት ይሆናል፣ ጣዕሙም ኮቴጅ ቺዝ ከሚሰጠው የተሻለ ነው። አዲስ አበባ ላይ ለሚሞክር ሰው ቆስጣ ግንዱ ተነሥቶ፣ ተቀቅሎና ተጨምቆ ስፒናቹን በሚገባ ይተካል። አርቲቾክ በቀላሉ ስለማይገኝ በቦታው የተቀቀለ አበባ ጎመን ደቆ ቢገባ ዲፑ አካል ያገኛል፣ ምንም እንኳ የአርቲቾክ የራሱ ጣዕም ባይኖርም።

ለጾም የተፈጨ ነጭ ቦሎቄ ከወይራ ዘይትና ከሎሚ ጋር በእርጎው፣ በአይቡና በፓርሜዛኑ ፈንታ ይገባል። ጥሩ ምግብ ነው፣ ግን ሌላ ምግብ ነው፤ የወተቱን ጣዕም ጠብቆ ለሚቀርብ ሰው አላቀርበውም።

የገበያው ዲፕ የሚበልጥበትን መካድ አይገባም። ሲነሣ የሚለጠጥ ነው፣ ከቀዘቀዘም በኋላ ለስላሳ ሆኖ ይቆያል፣ ድካምም የለውም። የቤቱን ላዩን ጥቂት ሞዛሬላ ቢነሰንሱበት መለጠጡ በከፊል ይመለሳል። በወጪ በኩል ግን አርቲቾኩና ፓርሜዛኑ ርካሽ ስላልሆኑ፣ ለጥቂት ሰው የሚዘጋጅ ከሆነ ብዙ ቁጠባ መጠበቅ አይገባም፤ ጥቅሙ የሚታየው ለብዙ እንግዳ ሲሠራ ነው።

አብሮት የሚቀርበውም ከግምገማው ውጪ አይደለም፤ በዘይት የተጠበሰ ቺፕስ ከተደረደረ ከእርጎው የተገኘው ጥቅም አብዛኛው ይመለሳል። በቁመቱ የተቆረጠ ካሮት፣ ኪያርና የደወል ቃሪያ ይስማሙታል። በኦቨን እንዲንኮሻኮሽ የደረቀ እንጀራ ደግሞ ከቺፕስ ይሻላል፤ የጤፉ ኮምጣጣነት ከነጭ ሽንኩርቱና ከፓርሜዛኑ ጋር የሚገርም ስምምነት አለው። የተረፈው በማቀዝቀዣ እስከ 3 ወይም 4 ቀን ይቆያል፣ በኦቨን በቀስታ መሞቅ አለበት። በፍሪዘር ግን አይቀመጥ፤ ሲሟሟ እርጎው ውሃውን ይለቃል፣ በስታርችም አይመለስም።