የፖርሽ ጎማ ለምትቀይሩ፦ አንድ ጎሚስታ ልንጠቁማችሁ

በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትኖሩ፣ ዋስትናው ያላለቀ ስፖርት መኪና ለምትነዱ ሁሉ፦

ይህን የምንጽፈው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ለሚሠራ አንድ ሀበሻ ጎሚስታ ምስጋናችንን በአደባባይ ለማቅረብ ነው። ስሙ እንዲወጣ ስላልፈለገ አልጻፍነውም፤ አድራሻውን የሚፈልግ በውስጥ መስመር ይጠይቀን፣ እንልካለን። «ጎበዝ ነው፣ ሂዱለት» ብለን ብቻ እንዳናልፍ ግን ምን እንደሚሠራና ለምን እንደዚያ እንደሚሠራ ዘርዘር አድርገን እናስቀምጣለን። እሱ ዘንድ መድረስ የማይመቻችሁም ሌላ ቦታ ስትሄዱ ምን እንደምትጠይቁ ታውቃላችሁ። (ጎሚስታ የሚለው የጣልያን ቃል ከቸርኬና ከክሪክ ጋር አዲስ አበባ ይቀራል ስንል፣ ይኸው ፖቶማክ ዳር ድረስ ተከትሎን መጥቷል።)

ብዙ ጥያቄ የሚነሳው በፖርሽ 911 ስለሆነ፣ በተለይም 992 በሚባለው ትውልዱ፣ ምሳሌያችንን ከሱ እንውሰድ። አሜሪካ ውስጥ አዲስ ፖርሽ የ4 ዓመት ወይም የ50,000 ማይል ዋስትና አለው፤ ከሁለቱ ቀድሞ በሞላው ያበቃል። የኋላ ጎማው ያን ያህል አይቆይም። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ክብደቱ የሚያርፈው ከኋላ ነው፣ ጉልበቱም በዋናነት የሚወጣው በኋላ ጎማ ነው። የፊቱ አንዴ እስኪቀየር የኋላው ሁለቴ ቢቀየር አይግረማችሁ። እንግዲህ ዋስትናው ሳያልቅ ጎማ መቀየር የማይቀር ነው ማለት ነው።

«ዲለር ሄጄ ካልቀየርኩ ዋስትናዬ ይቃጠላል ወይ?» ይህን ጥያቄ በቀን ስንቴ እንደሚጠየቅ እሱ ይቁጠረው። መልሱ አይቃጠልም ነው። በ1975 የወጣው የማግነሰን ሞስ የዋስትና ሕግ አምራቹ «የእኔን እቃ ካልገዛህ፣ እኔ ዘንድ ካላሠራህ ዋስትና የለህም» እንዳይል ይከለክለዋል፤ እቃውን ወይም ሥራውን በነጻ ካልሰጠ፣ ወይም ከፌዴራል ንግድ ኮሚሽን የተለየ ፈቃድ ካላገኘ በቀር። ሕጉ የማይሸፍነው አንድ ነገር አለ፦ የገጠማችሁት ጎማ ራሱ ያበላሸውን ክፍል አምራቹ አልጠግንም ማለት ይችላል። ጭቅጭቁ ሁሉ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፣ የዚህ ወንድማችን ሥራም ያንን ጭቅጭቅ ከሥሩ መንቀል ነው።

ጎማው ራሱ ደግሞ በመኪናው ዋስትና ውስጥ አይገባም፤ የጎማ ፋብሪካው የራሱ ዋስትና ነው ያለው። ብዙ ፋብሪካዎች የማይል ዋስትና ሲሰጡ፣ የፊቱና የኋላው መጠን በሚለያይበት መኪና ላይ ለኋላው ግማሹን ማይል ብቻ ይቆጥራሉ። ምክንያቱም ጎማዎቹን ፊትና ኋላ እያፈራረቁ ማስገጠም አይቻልም። 30,000 ተብሎ የተሸጠላችሁ ጎማ ከኋላ ሲሆን 15,000 ነው። ይህን ሳይጠየቅ የሚናገር ሻጭ ብርቅ ነው።

መኪናውን እንዳመጣችሁለት ወደ መደርደሪያው አይሮጥም። መጀመሪያ የሹፌሩን በር ከፍቶ ምሰሶው ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ያነባል። ካሬራ ኤስ የሚባለው 911 ከሆነ ከፊት 245/35 ዜድ አር 20፣ ከኋላ 305/30 ዜድ አር 21 ነው። መጠኑን ማንም ያመሳስላል፤ የሚዘለለው ከመጠኑ ቀጥሎ ያለው ቁጥርና ፊደል ነው። ቁጥሩ ጎማው የሚሸከመው ክብደት ነው፦ 91 ማለት 615 ኪሎ፣ 95 ማለት 690 ኪሎ፣ 100 ማለት 800 ኪሎ። ፊደሉ ፍጥነት ነው፦ ቪ 240፣ ደብሊው 270፣ ዋይ 300 ኪሎ ሜትር በሰዓት። «እኔ በ300 አልነዳም፣ ረከስ ያለውን ግጠምልኝ» የሚል ደንበኛ ሞልቷል። ፊደሉ ግን ጎማው ሙቀት የመቋቋም አቅሙንም ይናገራል፤ ደግሞም ነገር ሲበላሽ ዲለሩ የሚያነበው እናንተ በስንት እንደነዳችሁ ሳይሆን ጎማው ላይ የተጻፈውን ነው። እሱ ከበሩ ወረቀት ዝቅ ያለ ቁጥር ወይም ፊደል አይገጥምም። ብትለምኑትም።

ከዚያ ምልክቱን ይፈልጋል። ፖርሽ ፈትሾ የተቀበለው ጎማ ጎኑ ላይ የኤን ምልክት አለበት፦ ኤን 0፣ ኤን 1፣ ኤን 2 እያለ ይሄዳል፤ በአዲሶቹ 911ዎች ላይ ኤን ኤ 0፣ ኤን ኤ 1 የሚል ታገኛላችሁ። ቁጥሩ የጥራት ደረጃ አይደለም፤ ስንተኛው እትም እንደሆነ ነው የሚናገረው። ሰው የሚሳሳተው ስሙ አንድ የሆነ ጎማ ሁሉ አንድ ስለሚመስለው ነው። ሚሽለን ፓይለት ስፖርት 4 ኤስ የሚባለው ጎማ ምልክቱ ያለውም የሌለውም አለ፤ በላስቲኩ ቅይጥም በውስጥ አሠራሩም ይለያያሉ። በአንድ አክስል ላይ ኤን 0 እና ኤን 1 ማደባለቅ ክልክል ነው። ምልክት ያለውን ከኋላ፣ የሌለውን ከፊት ማድረግም ያው ነው፦ መኪናው መታጠፊያ ላይ ሲገባ ፊቱና ኋላው በተለያየ ልክ ይይዛል፣ የመረጋጊያ ሲስተሙም ያልተለካበትን ነገር ሲያስተካክል ይውላል። ቢ ኤም ደብሊው የኮከብ ምልክት አለው፣ መርሰዲስ ኤም ኦ፣ ኮርቬት ያላችሁም የጂ ኤምን የቲ ፒ ሲ ቁጥር ታገኛላችሁ፤ ሐሳቡ አንድ ነው።

ምልክት የሌለው ጎማ መግጠም በራሱ ዋስትና አያጠፋም። ይህን በግልጽ ይነግራችኋል። ሆኖም ዋስትናው እስኪያልቅ ድረስ የዋጋውን ልዩነት ከፍላችሁ ምልክት ያለውን ግዙ ባይ ነው፣ እኛም በዚህ እንስማማለን። የሚተርፈው ገንዘብ በኋላ «ጎማህ ነው ያበላሸው» ከሚል ክርክር ጋር አይመጣጠንም።

በተለይ ካሬራ 4 (በአራቱም ጎማ የሚሄደው 911) ያላችሁ ይህን ልብ በሉ። ለፊት ጎማዎች ጉልበት የሚያካፍለው በኤሌክትሮኒክስ የሚታዘዝ ክላች ነው። የፊቱና የኋላው ጎማ ዙሪያ መጠን ከታሰበው ከራቀ፣ ቀጥታ መንገድ ላይም ክላቹ እየተንሸራተተ ይሞቃል። ግራና ቀኝ ሲለያይ ደግሞ ዲፈረንሻሉ ያለ ማቋረጥ ይሠራል። እነዚህ ናቸው ዲለሩ ጎማውን ማሳበብ የሚችልባቸው ክፍሎች። ስለዚህ አንድ ጎማ ብቻ ተበስቶ ሲመጣ ሌላኛውን ይለካል። ፖርሽ በአንድ አክስል ላይ የጥርስ ጥልቀት ልዩነት ከ30 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል። አዲሱ 10/32 ኢንች ሆኖ አሮጌው 8/32 ከቀረው፣ እትሙም አንድ ከሆነ፣ አንዱን ብቻ ይቀይራል። አሮጌው 5/32 ከሆነ ሁለቱንም። ሁለት መሸጥ እየቻለ አንድ ሸጦ የሚሸኝ ነጋዴ በመሆኑም ነው ይህ ምስጋና።

ጥርስ ሲለካ መሃሉን ብቻ አይለካም። 911 የኋላ ጎማው ወደ ውስጥ ዘንበል ብሎ ስለሚቆም የሚበላው ከውስጥ በኩል ነው፤ ከውጭ ደህና የሚመስል ጎማ በውስጥ ጠርዙ ሽቦው ሊታይ ይችላል። ቆማችሁ ስታዩት አይታይም፤ ሊፍት ላይ ወጥቶ ወይም በእጅ ዳብሶ ነው። በቨርጂኒያ ዓመታዊ ምርመራ ከ2/32 በታች ይወድቃል። ዝናብ ላይ ግን 4/32 ሲደርስ ውሃ የማስወጣት አቅሙ ስለሚደክም፣ ስፋቱ 305 ሚሊ ሜትር የሆነ ጎማ ይዞ 2/32 መጠበቅ አይመከርም። ሰፊ ጎማ ውሃ ላይ ቶሎ ይንሳፈፋል።

እንቢ የሚልበት ሌላም ነገር አለ። መኪናውን ክረምት ከበጋ ውጭ አሳድሮ ለሚነዳ ሰው የበጋ ጎማ ብቻ አይሸጥም። የበጋ ጎማ ላስቲክ ከ45 ፋራናይት፣ ከ7 ሴልሺየስ ግድም በታች ይደርቃል፣ መያዙን ይተዋል። ከ20 ፋራናይት በታች ሲሆን ደግሞ ቆሞ የነበረን መኪና ማንቀሳቀስ ብቻ ላስቲኩን ሊሰነጥቅ ይችላል፤ ይህ ጉዳት በጎማ ፋብሪካው ዋስትና አይሸፈንም። የዲሲ ጥር እዚያ ይደርሳል። አማራጩ ሁለተኛ ቸርኬ ከክረምት ጎማ ጋር፣ ወይም ምልክት ያለው የአራት ወቅት ጎማ ነው። ከሁለቱ የቱ እንደሚሻል በምትነዱት ማይል ብዛት ይወሰናል፤ በየቀኑ ለሚነዱት ሁለተኛ ቸርኬ ይሻላል እንላለን።

የምርት ቀኑንም ያሳያችኋል። ጎኑ ላይ ዶት ከሚለው ኮድ መጨረሻ ያሉት አራት ቁጥሮች ናቸው፤ 2324 ማለት የ2024 23ኛ ሳምንት። አራቱንም በስልኩ ፎቶ አንሥቶ ከመግጠሙ በፊት ይልክላችኋል።

አሁን ወደ እጅ ሥራው። መኪናውን የሚያነሳው ፋብሪካው በመደበለት ቦታ ብቻ ነው፣ በላስቲክ ማስቀመጫ። 911 ላይ ቸርኬው በብሎን ነው የሚታሰረው፤ ብሎኑ ሲፈታ ቸርኬውን የሚይዘው ነገር የለም። የሴራሚክ ፍሬን ያላቸው ላይ ቸርኬው ተንሸራቶ የዲስኩን ጠርዝ ከነካ ዲስኩ ይፈለጣል፣ የሴራሚክ ዲስክ ዋጋ ደግሞ ከጎማዎቹ ዋጋ በብዙ ይበልጣል። እሱ ሁለት ብሎን አውጥቶ በቦታቸው ረጃጅም መምሪያ ዘንጎች ያስገባል፣ ቸርኬው በዘንጎቹ ላይ ተንሸራቶ ይወጣል፣ እንደዚያው ይመለሳል። ዘንግ የሌለው ጋራዥ ካያችሁ ቁልፋችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ጎማውን ከቸርኬው ሲያላቅቅ የማሽኑን መጫኛ ከቫልቩ አጠገብ አያሳርፍም፤ የንፋስ መለኪያው ሴንሰር እዚያው ውስጥ ነው፣ ይሰበራል። አዲሱን ሲገጥም ቢጫ ነጥቡን ከቫልቩ ጋር ያገናኛል፤ ቢጫው የጎማው ቀላል ጎን ነው። ከዚያ ጎማውን በሮለር ተጭኖ መንገድ ላይ እንዳለ አድርጎ በሚለካው ማሽን ላይ ያወጣዋል። ተራ ባላንስ የክብደት ልዩነትን ብቻ ያያል፤ ይህኛው የጎማውንና የቸርኬውን ክብነትም ያያል። ባላንስ ተሠርቶ መሪው አሁንም ከተንቀጠቀጠ መንስኤው ብዙ ጊዜ እዚህ ነው፣ መድኃኒቱም ጎማውን ቸርኬው ላይ አዙሮ መግጠም ነው። ማንሸራተቻ ፈሳሹን በቁጠባ ይቀባል። ሲበዛ፣ ጉልበት ያለው መኪና ሲነሳ ቸርኬው ጎማው ውስጥ ይዞርና ባላንሱ ይበላሻል። በዚህ ምክንያት የመጀመሪያውን ቀን ቀስ ብላችሁ ንዱ ይላል።

ብሎኖቹን በኤር ሽጉጥ አያጠብቅም። በእጅ አስገብቶ፣ በመስቀለኛ ቅደም ተከተል፣ መጨረሻውን በቶርክ ቁልፍ 160 ኒውተን ሜትር፣ ማለትም 118 ፉት ፓውንድ ያደርሰዋል። ከ50 ማይል በኋላ ተመልሳችሁ ስትመጡ ይፈትሸዋል፣ በነጻ። መሃል ላይ በአንድ ትልቅ ብሎን የሚታሰረውን ቸርኬ ግን፣ 600 ኒውተን ሜትር የሚጠይቀውን፣ አይነካም፤ መሣሪያው የለኝም ብሎ ይመልሳችኋል። የማይችለውን የሚያውቅ ባለሙያ ነው የምንፈልገው።

ንፋሱን በሩ ላይ በተጻፈው ልክ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ይሞላል። ሙቀቱ በ10 ፋራናይት ሲወርድ ንፋሱ 1 ፒ ኤስ አይ ግድም ይቀንሳል፤ በመስከረም ሞልታችሁ በታኅሣሥ የንፋስ መብራት ቢበራ የግድ ጎማው ተበስቷል ማለት አይደለም። መኪናው ሜኑ ውስጥ የጎማውን ዓይነትና መጠን መምረጥ አለ፤ ይህን ሳያደርጉ የሚሸኙ ብዙ ናቸው። አዲስ ጎማ ፊቱ ላይ የፋብሪካ ቅባት ስላለው የመጀመሪያዎቹን 200 ማይሎች አትጋልቡት።

ለእኛ ከሁሉ በላይ ዋጋ ያለው ወረቀቱ ነው። ደረሰኙ ላይ የመኪናው የሻሲ ቁጥር፣ ማይሉ፣ የእያንዳንዱ ጎማ መጠን፣ የክብደት ቁጥርና የፍጥነት ፊደል፣ የኤን ምልክት፣ የዶት ኮድ፣ የወጣው ጎማ ቀሪ ጥርስ በውስጥ፣ በመሃልና በውጭ፣ ቶርኩና ንፋሱ ይጻፋል። የውስጥ ጠርዙ አለአግባብ ተበልቶ ካገኘ ፎቶ ያነሳና አላይመንቱን ዲለር በዋስትና እንዲያየው ይልካችኋል፣ ራሱ ሠርቶ ሊያስከፍላችሁ ሲችል። መኪናው ሊዝ ከሆነ ይኸው ወረቀት ሲመለስም ያገለግላል።

ጉድለቱንም እንናገር። ቀጠሮ ለማግኘት ይቆያል፣ ስልክ ቶሎ አያነሳም፣ የእጅ ዋጋው ከሰንሰለት ሱቆቹ ይበልጣል፣ አራት ጎማ ለመቀየርም ግማሽ ቀን ይፈጅበታል። ቸኩላችሁ ከሆነ እሱ አይሆናችሁም። ከመደወላችሁ በፊት የበሩን ወረቀትና የአራቱንም ጎማ ጎን ፎቶ በቴክስት ላኩለት፤ ፎቶ የላከ ሰው ቶሎ መልስ ያገኛል።

ወንድማችን፣ እጅህ ይባረክ።