ቪ-ዴም ለወንጀል ፍትሕ ተመራማሪ፦ ችሎቱን አጥርቶ ያሳያል፣ ፖሊስ ጣቢያውን ግን በጭላንጭል

የፖለቲካ አገዛዝ ዓይነትና የወንጀል ፍትሕ አሠራር እንዴት እንደሚተሳሰሩ በቁጥር አስደግፎ ለመመርመር የተነሳ ሰው፣ ከየትም ቢጀምር፣ ውሎ አድሮ የአገሮችን ዴሞክራሲ ከሚለካው፣ ቪ-ዴም ከተባለው የመረጃ ቋት ደጃፍ መድረሱ አይቀርም። በስዊድን በጎተንበርግ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ተቋም በየዓመቱ በማርች ወር አዲስ እትም ያወጣል፤ ክፍያ አይጠይቅም፤ ከ200 በላይ አገሮችንና ግዛቶችን የሚሸፍን ሲሆን ለበርካቶቹ ታሪኩ ወደ ኋላ እስከ 1789 ይዘልቃል (እዚህ የማነሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። እኔ ግን የምገመግመው ለአንድ ዓይነት ተጠቃሚ ብቻ ነው፤ ይኸውም ዋና ጥያቄው ስለ ፖሊስ፣ ስለ ዐቃቤ ሕግ፣ ስለ ችሎትና ስለ እስር ቤት ለሆነ ተመራማሪ። ለዚህ ሰው ቪ-ዴም ጠቃሚ ነው፤ ስሙ የሚያስጠብቀውን ያህል ግን አይደለም።

በመጀመሪያ አሠራሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ፍርድ ቤትንና የዜጎችን መብት የሚመለከቱት መለኪያዎች በአብዛኛው ከመንግሥት መዝገብ የተቀዱ ሳይሆኑ የባለሙያ ግምቶች ናቸው። ተቋሙ በመላው ዓለም በሺዎች የሚቆጠሩ አገር ዐዋቂ ምሁራንን ያሳትፋል፤ ከ1900 ወዲህ ላለው ዘመን አንድን ጥያቄ ለአንድ አገርና ለአንድ ዓመት አምስት ያህል ባለሙያዎች እንዲመልሱት ይጥራል። አንዱ መላሽ ቸር፣ ሌላው ጥብቅ ሊሆን ስለሚችል መልሶቹ እንዲሁ ተደምረው አይካፈሉም፤ ባለሙያዎቹ ስለ ምናባዊ አገሮች የተጻፉ ተመሳሳይ አጫጭር መግለጫዎችን እንዲመዝኑ ይደረግና የእያንዳንዱ ሚዛን ወዴት እንደሚያጋድል በቤይዝያን ስታቲስቲክስ ሞዴል ይታረማል። ከእያንዳንዱ ግምት ጋር የእርግጠኝነቱ ወሰን፣ ማለትም ትክክለኛው ዋጋ ከየት እስከ የት ሊሆን እንደሚችል፣ አብሮ ይቀርባል። ይህ ወሰን ለጌጥ የተቀመጠ አይደለም፤ እርሱን ጥለው አማካዩን ብቻ የሚያነሱ ጽሑፎች ግን ከሚጠቀሙበት በእጅጉ ይበዛሉ።

ቪ-ዴም ከሁሉ ይልቅ የሚደምቀው ዳኝነትን ሲመለከት ነው። ስለ ከፍተኛው ፍርድ ቤት ነፃነት የሚቀርበው ጥያቄ ሕገ መንግሥቱ ምን እንደሚል አይጠይቅም፤ ለመንግሥት ወሳኝ የሆነ ጉዳይ ችሎት ሲቀርብ ዳኞቹ በሕጉ ላይ ያላቸውን የራሳቸውን እምነት ትተው የመንግሥትን ፍላጎት ብቻ የሚያስተጋቡት ምን ያህል ጊዜ እንደሆነ ይጠይቃል። ተመሳሳዩ ጥያቄ ለበታች ፍርድ ቤቶች ለብቻው ይቀርባል፤ መንግሥት ውሳኔዎችን መፈጸም አለመፈጸሙ፣ ዳኞች በዘፈቀደ መባረራቸው፣ ችሎቱ በታማኝ ሰዎች መሞላቱ፣ በዳኝነት ውስጥ ጉቦ መኖሩ ሁሉ የየራሳቸው መለኪያ አላቸው። ይህ መለያየት ትልቅ ዋጋ አለው። ብዙ አምባገነን አገዛዞች ፍርድ ቤትን አይዘጉም፤ የተራ ሰው የስርቆትና የድብድብ ክስ በወጉ እንዲታይ ፈቅደው ፖለቲካዊውን ክስ ብቻ ወደ ሌላ ችሎት ይወስዱታል። በፍራንኮ ዘመን በስፔን ከ1963 እስከ 1977 የሠራው የሕዝብ ጸጥታ ችሎት ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ መደበኛው ዳኝነት ሥራውን ሲቀጥል ተቃዋሚው ለብቻው ወደ ተዘጋጀለት ፍርድ ቤት ይሄድ ነበር። ሁሉንም በአንድ ድምር ቁጥር የሚለካ ተመራማሪ እንዲህ ያለውን አሠራር አያየውም፤ ቪ-ዴም ከፍተኛውንና የበታቹን ፍርድ ቤት ለይቶ ማቅረቡ ቢያንስ ጥርጣሬውን እንዲያነሳ ያስችለዋል። ልዩ ችሎትን ከመደበኛው የሚለይ የራሱ መለኪያ ቢኖር ደግሞ የበለጠ በወደድኩ።

ጥንካሬውንም ጉድለቱንም በአንድ ላይ የምታሳይ አገር ኤል ሳልቫዶር ናት። በሜይ 1 ቀን 2021 አዲሱ ምክር ቤት ሥራ በጀመረበት ዕለት የሕገ መንግሥት ችሎቱን አምስት ዳኞችና ጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉን አነሣ። ቪ-ዴም እንዲህ ያለውን ክስተት ለመያዝ የተሠራ መሣሪያ ነው ማለት ይቻላል፤ የዳኞች ማባረርንና የፍርድ ቤት ነፃነትን የሚለኩት መስመሮች የት እንደሚታጠፉ ለማየት ስታቲስቲክስ ማወቅ እንኳ አያስፈልግም። በማርች 2022 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ግን ታሪኩ ከከፍተኛው ችሎት ወደ መንገዱና ወደ እስር ቤቱ ይወርዳል። ከ80,000 በላይ ሰዎች ታሰሩ፤ አገሪቱም ከሕዝብ ብዛቷ አንጻር ብዙ እስረኛ በመያዝ የዓለም ቀዳሚ ሆነች። የታሰሩት ስንት እንደሆኑ፣ ከእነርሱም ምን ያህሉ ፍርድ ሳያገኙ እንደተቀመጡ በቪ-ዴም ውስጥ የሚፈልግ ሰው አያገኘውም። መሣሪያው የተሠራው ለዚያ አይደለምና።

የበለጠ መጠንቀቅ የሚያስፈልገው ግን መረጃው ያለ በሚመስልበት ቦታ ነው። ከሥቃይ ምርመራ ነፃ መሆንን የሚለካውን መስፈርት እንመልከት። ከ0 እስከ 4 ያሉት ደረጃዎች ሁለት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ ገመድ ያስራሉ፤ አንዱ ድርጊቱ ምን ያህል እንደሚዘወተር፣ ሌላው የአገር መሪዎች ያዘዙት ወይም ያጸደቁት መሆን አለመሆኑ ነው። ዝቅተኛው ደረጃ ሥርዓት ባለው መንገድ የሚፈጸምና መሪዎች የሚያነሣሱት ሥቃይ ሲሆን፣ ቀጣዩ ደግሞ በብዛት የሚፈጸም ሆኖ መሪዎች ያላዘዙት፣ ግን ደግሞ ለማስቆም ያልተንቀሳቀሱበት ነው። ለፖለቲካ ሳይንቲስት ይህ ሊያስማማ ይችላል። ለወንጀል ፍትሕ ተመራማሪ ግን ችግሩ ግልጽ ነው፤ በስርቆት የተጠረጠረ ደሃ የእምነት ቃል እንዲሰጥ በየጣቢያው መደብደቡ ማንም ሚኒስትር ሳያዝዝ፣ በተለምዶ ብቻ ለዘመናት ሊቀጥል የሚችል ነገር ነው፤ አገዛዙ ቢቀየርም ላይቀየር ይችላል። የአገዛዝ ለውጥ የፖሊስን ባሕርይ ይለውጣል ወይ ብሎ ለሚጠይቅ ሰው እነዚህ ሁለቱ ተለያይተው መለካት ነበረባቸው።

የፖለቲካ ግድያን የሚመለከተው መለኪያም ተመሳሳይ ወሰን አለው። ትርጉሙ የሚያተኩረው መንግሥት ወይም ወኪሎቹ የፖለቲካ ተቃዋሚዎችን ለማስወገድ ያለ ሕጋዊ ሂደት በሚፈጽሙት ግድያ ላይ ነው። በ2016 በፊሊፒንስ የተጀመረውን ፀረ አደንዛዥ ዕፅ ዘመቻ ያስታውሱ፤ ፖሊስ ራሱ ባመነው ቁጥር እንኳ በዘመቻው ከ6,000 በላይ ሰዎች ተገድለዋል። ከሟቾቹ አብዛኞቹ ድሃ ተጠርጣሪዎች እንጂ የፖለቲካ ተቃዋሚዎች አልነበሩም። ትርጉሙን ቃል በቃል የሚያነብ ባለሙያ ሊቆጥራቸው አይገባም፤ መንፈሱን የሚያነብ ሊቆጥራቸው ይችላል። ስለዚህ ይህን ዓምድ ‘ከፍርድ ውጭ የሚፈጸም ግድያ’ ብሎ በሠንጠረዡ ራስጌ ላይ የሚጽፍ ተመራማሪ ዓምዱ የማይለውን እያስባለው ነው።

ስለ እስረኞች ቁጥር ብዙዎች የሚሄዱት በለንደን ዩኒቨርሲቲ በበርክቤክ ወደሚገኘው ወርልድ ፕሪዝን ብሪፍ ነው፤ እርሱንም ጎን ለጎን ሳልከፍት መሥራት ትቻለሁ። ከ100,000 ሰው ስንቱ እስረኛ እንደሆነና ከእስረኛው ስንቱ ፍርድ በመጠባበቅ ላይ እንዳለ በአገር በአገሩ ያሳያል። የእርሱንና የቪ-ዴምን መረጃ አንድ ላይ ሲያስቀምጧቸው ‘አምባገነን ብዙ ያስራል፣ ዴሞክራሲ ጥቂት ያስራል’ የሚለው የዋህ ግምት ብዙም አይቆይም። ኩባ፣ ሩዋንዳና ቱርክሜኒስታን ከላይ ናቸው፤ ዩናይትድ ስቴትስም ከ500 በላይ በሆነ ምጣኔ እዚያው አጠገባቸው ናት። የቻይና ይፋዊ ምጣኔ ዝቅ ያለ ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን የተፈረደባቸውን እንጂ ፍርድ የሚጠባበቁትንና በሌላ መንገድ የተያዙትን አያካትትም። ሰሜን ኮሪያና ኤርትራ ጭራሹኑ ቁጥር የላቸውም፤ ይህን ባዶ ቦታ ደግሞ ስታቲስቲክሱ እንደ ድንገተኛ ጉድለት ቢቆጥረውም ድንገተኛ አይደለም፤ ከአገዛዙ ባሕርይ ጋር የተያያዘ ነው። የጥፋተኝነት ምጣኔም እንዲሁ ያሳስታል። ጃፓን ውስጥ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆኑት ተከሳሾች ጥፋተኛ ይባላሉ፤ ሩሲያም ውስጥ በነጻ የሚሰናበተው ከ1 በመቶ በታች ነው። ቁጥሮቹ መንታ ይመስላሉ፤ በጃፓን ግን ዐቃቤ ሕጉ ደካማ መዝገቦችን ከክስ በፊት በብዛት የሚዘጋ መሆኑን ሳያዩ ሁለቱን ማነጻጸር ዋጋ የለውም።

አሁን ወደ ትልቁ ወጥመድ ልምጣ፤ እኔ ራሴ ከገባሁበት በኋላ ነው የተማርኩት፣ ጥፋቱም የእያንዳንዱን መለኪያ ትርጉም የሚያስረዳውን የመፍቻ ሰነድ በጥሞና ካላነበብኩት ከእኔ ነበር። የቪ-ዴም የሊበራል ዴሞክራሲ መለኪያ በውስጡ የሕግ እኩልነትን፣ የግለሰብ ነፃነትን፣ ፍርድ ቤት በሥራ አስፈጻሚው ላይ ያለውን ሥልጣን ይዟል። አገሮችን ዝግ አምባገነን፣ ምርጫ የሚያካሂድ አምባገነን፣ የምርጫ ዴሞክራሲና ሊበራል ዴሞክራሲ ብሎ በአራት የሚከፍለው ምደባም ከፍተኛውን ደረጃ ለመስጠት ወደ ፍትሕ የመድረስ ዕድልን ይመለከታል። ታዲያ ‘ሊበራል ዴሞክራሲ የዳኝነትን ነፃነት ያሻሽላል’ የሚል መላምት በእነዚህ ዓምዶች የሚፈትን ሰው አንዱን ነገር በሁለት ስም ጠርቶ ይዛመዳሉ እያለ ነው። ውጤቱ ሁልጊዜ ያማረ ይሆናል፤ ጥርጣሬ ሊያጭር የሚገባውም ማማሩ ነው። መፍትሔው አስቸጋሪ አይደለም፤ አገዛዙን በምርጫ ዴሞክራሲ መለኪያ ብቻ መለካት፣ ወይም የፍትሑን ጎን ከሌላ ምንጭ ማምጣት ነው። ለዚህ የወርልድ ጀስቲስ ፕሮጀክት የሕግ የበላይነት መለኪያ ይረዳል፤ ስምንተኛው ክፍሉ የወንጀል ምርመራን፣ የፍርድን ፍጥነት፣ የማረሚያ ቤትንና የተከሳሽን መብት ለየብቻ ይመዝናል፤ ከባለሙያዎች በተጨማሪ ተራውን ሕዝብም ይጠይቃል። ሲንጋፖር በዚያ ክፍል ከፍ ያለ ውጤት አላት፤ በቪ-ዴም ደግሞ ምርጫ የሚያካሂድ አምባገነን ተብላ ተመድባለች። ሁለቱን ምንጮች ለያይቶ መያዝ የሚጠቅመው እንዲህ ያለውን አገር ላለማጣት ነው።

በባለሙያ ግምት ላይ ያለው አጠቃላይ ክርክርም ችላ የሚባል አይደለም። በ2024 ሁለት የፖለቲካ ሳይንስ ተመራማሪዎች በሰው ግምት ላይ ያልተመሠረቱ መለኪያዎች ዓለም አቀፍ የዴሞክራሲ ማሽቆልቆልን እምብዛም እንደማያሳዩ ጽፈው፣ መላሾቹ በዘመኑ መንፈስ ጨልሞባቸው ይሆን ወይ የሚል ጥያቄ አነሱ፤ የቪ-ዴም ሰዎችም በዝርዝር መልስ ሰጥተዋል። ክርክሩ እኔን ያሳመነኝ ግማሽ መንገድ ብቻ ነው፤ ዳኛ በስልክ መታዘዙን የሚመዘግብ መዝገብ ስለሌለ በዳኝነት ጉዳይ የሰው ግምት መተኪያ አይገኝለትም። ሆኖም ጥናቱ ያለፉትን አሥር ዓመታት ብቻ የሚመለከት ከሆነ ጥርጣሬው ሊጻፍ ይገባል።

ሊያወርደው ለሚያስብ የመጨረሻው ጉዳይ የእትም ቁጥር ነው። ሞዴሉ በየዓመቱ ከነባሩ መረጃ ጋር እንደገና ስለሚሰላ፣ የ1970 ግምት እንኳ ከአንዱ እትም ወደ ሌላው በጥቂቱ ሊንቀሳቀስ ይችላል። የቀድሞዎቹ እትሞች በተቋሙ ድረ ገጽ ላይ ይቀመጣሉ፤ ሥራ የተጀመረበትን ቁጥር በመጀመሪያው ገጽ ላይ ጽፎ እስከ ኅትመቱ ድረስ እርሱን ይዞ መቆየት፣ መሀል ላይ አዲሱ ሲወጣ ደግሞ ከዋናው ጋር ሳይቀላቅሉ ለማመሳከሪያ ብቻ ማውረድ ይበቃል።