ከእስር ሲወጡ፦ በቤት ምርመራ ወይስ ጤና ጣቢያ?

የአክስቴ ልጅ ቅርብ ጊዜ ከእስር ወጣ። «ውስጥ ምላጭ ተዋውሰናል፤ ኤችአይቪ ልመርመር፣ ግን የሰፈር ሰው እንዳያየኝ» አለኝ። የድሮው ከርቸሌ ፈርሶ የአፍሪካ ኅብረት ሕንጻ ተሠርቶበታል። እስረኛን በክፉ ዓይን ማየት ግን አልፈረሰም፤ ያንገበግበኛል።

ራስን በራስ መመርመሪያው ቀላል ነው። ድድህን ትጠርጋለህ፣ 20 ደቂቃ ያህል ትጠብቃለህ። ማንም አያይህም። ሁለት መስመር ከወጣ፣ ማለትም ቫይረሱ ሊኖርብህ እንደሚችል ካሳየ ግን፣ ያን ሌሊት ብቻህን ነህ። ደግሞ ውጤቱ የመጨረሻ አይደለም፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ማረጋገጥ የግድ ነው።

ጤና ጣቢያ ወረፋ አለው፣ ዓይንም አለ። ግን ከጣት ደም ተወስዶ ውጤቱ ሲነገርህ አጠገብህ አማካሪ ይኖራል። ቫይረሱ ከተገኘም እዚያው መድኃኒት ትጀምራለህ፤ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ ነው። በተጨናነቀ ክፍል የኖረ ሰው ሳንባ ነቀርሳም መመርመር አለበት። ቤት ውስጥ ይህን ማን ያይለታል?

በሁለቱም መንገድ አንድ ነገር አይቀርም፤ ተጋላጭነቱ ከሦስት ወር ወዲህ ከሆነ «ነጻ ነህ» ቢባልም ምርመራው ይደገማል።

እኔ ጤና ጣቢያውን መረጥኩለት። ሰፈሩ ልደታ ስለሆነ፣ የሰፈር ሰው እንዳያየው ፒያሳ አካባቢ ወዳለ ጤና ጣቢያ ሐሙስ ጠዋት አብረን እንሄዳለን።