የአባቴ ድምፅ ሳይጠፋ ስልኬን ላጸዳችልኝ የደብረ ብርሃን ባለሙያ

ደብረ ሲና የምኖር መምህር ነኝ። ባለፈው ሳምንት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ የስልክ ጥገና ቤት ለተደረገልኝ መልካም ሥራ በአደባባይ ማመስገን ይገባኛል።

ስልኬ የሚይዘው 32 ጊጋባይት ብቻ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ 14ቱን ቴሌግራም ስለያዘው የተማሪዎቼን ውጤት የምሞላበትን ፋይል እንኳ ማስቀመጥ አቅቶኝ ነበር። ቀደም ሲል ያሳየሁት ሌላ ጠጋኝ «ፎርማት ይደረግ» (ስልኩ ላይ ያለው ሁሉ ይጥረግ) ከማለት በቀር ምን እንደሚጠፋ አልነገረኝም። እኔ ደግሞ አባቴ ከማረፋቸው በፊት ከመሐል ሜዳ የላኩልኝ ከ40 በላይ የድምፅ መልእክቶች እዚያው ቴሌግራም ውስጥ ስላሉ፣ ስልኩን ይዤ ተመለስኩ። የጣርማበርን ዳገት ወጥቼ ደብረ ብርሃን የሄድኩት በአንድ የሥራ ባልደረባዬ ጥቆማ ነው።

ባለሙያዋ ሥራ ከመጀመሯ በፊት «ጋሼ፣ እንዳይጠፋብዎ የሚፈልጉት ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። የአባቴን ድምፅ ስነግራት መልእክቶቹን አንድ በአንድ ወደ ሚሞሪ ካርድ ገለበጠችና ካርዱን በሌላ ስልክ ከፍታ አሰማችኝ። መጀመሪያ የተከፈተው አባቴ የገብሱ አጨዳ ማለቁን የሚነግሩኝ መልእክት ነበር።

በመደበኛው የቴሌግራም ውይይት የተላከ ፎቶና ቪዲዮ በቴሌግራም ሰርቨር (በድርጅቱ ኮምፒውተሮች) ላይ ስለሚቀመጥ፣ ከስልክ ቢወገድም ተመልሶ ሊወርድ እንደሚችል በትዕግሥት አስረዳችኝ። በ«ሲክሬት ቻት» (በሚስጥራዊ ውይይት) የተላከው ግን በሰርቨሩ አይቀመጥም፤ ላኪው ራሱ ያጠፋው ፋይልም ተመልሶ አይገኝም። ዋትስአፕ ላይ ደግሞ ባክአፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ካልተደረገ ከስልኩ የጠፋውን መልሶ ማግኘት አስተማማኝ አይደለም ብላ የእሱን ፋይሎች ሳትነካ ተወቻቸው። ይህ ጥንቃቄዋ ከሁሉም በላይ ልቤን ነክቶታል።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ አጭር ነበር። በቴሌግራም ሴቲንግ «ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ» ከዚያም «ስቶሬጅ ዩሴጅ» ውስጥ ገብታ፣ ከዝርዝሩ ቪዲዮዎችን ብቻ መርጣ «ክሊር ካሽ» (ስልኩ ላይ የወረደውን ቅጂ አጥፋ) አለችው፤ 11 ጊጋባይት ተለቀቀ። በስልኩ የአፕ ሴቲንግ ውስጥ ያለውን «ክሊር ዳታ» ግን ከአካውንቴ ስለሚያስወጣኝ እንዳልነካው አስጠነቀቀችኝ። በየቻናሉ የሚለቀቀው ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድ አውቶ ዳውንሎዱን አጠፋችልኝ፤ ይህም የዳታ ጥቅሌን ጭምር አትርፎልኛል። ለዚህ ሁሉ የጠየቀችኝ 100 ብር ብቻ ነው።

ስሟን እንዳልጽፍ ስለጠየቀችኝ አክብሬላታለሁ፤ ቤቱን ለምትፈልጉ በውስጥ መስመር እጠቁማችኋለሁ። ቅዳሜ ወረፋ ስለሚበዛባት፣ ከደብረ ሲናም ሆነ ከመንዝ የምትሄዱ በሌላ ቀን፣ በተለይም በጠዋት ብትደርሱ ይሻላችኋል።