ከስትሮክ በኋላ አንደበት ሲያዝ፦ መርፌ ወይስ የንግግር ልምምድ?

ጅማ ውስጥ ስትሮክ የመታው ሰው ያለበት ቤተሰብ አኩፓንክቸር ቢሞክር ይሻለው እንደሆነ ቢጠይቀኝ፣ አቅሙ ለአንዱ ብቻ ከበቃ የንግግር ልምምዱን (የንግግር ሕክምናውን) ያስቀድም እላለሁ።

አኩፓንክቸር የቻይና ሕክምና ነው። በጣም ቀጫጭን መርፌዎች ራስ ቆዳ ላይ ወይም ሌላ የሰውነት ክፍል ላይ ይሰካሉ። ቻይና ውስጥ ብዙ ጥናት ተሠርቶበታል፤ አብዛኛው ግን ደካማ ነው። ብዙ ጊዜ ከንግግር ሕክምና ጋር ስለሚሰጥ ለውጡ ከየትኛው እንደመጣ መለየት ያስቸግራል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ሐኪሙን ያማክር።

የንግግር ሕክምናው መረጃ ይሻላል። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት በ2016 (እ.ኤ.አ.) ያወጣው ግምገማ 57 ጥናቶችን አይቶ እንደሚጠቅም አረጋግጧል።

ባለሙያ ቢመራው ይመረጣል፤ ቤትም ግን ይሠራል። ቡና ሲፈላ ሲኒውን አሳዩት። "ይሄ ምንድን ነው?" ዝም ካለ "ቡና የምንጠጣበት" በሉት። አሁንም ካቃተው "ሲ..." ብላችሁ ጀምሩለት። ጠብቁት እንጂ ቃሉን ከአፉ አትንጠቁት። አፉን የፈታው በኦሮምኛ ከሆነ በኦሮምኛም ጠይቁት። ሲደክመው አቁሙ፤ ማታ ትቀጥላላችሁ።