አቹጌና ድንች በቬርናጻ፦ የአንዲት ትንሽ ትራቶሪያ ግምገማ

በጣሊያኗ የባሕር ዳር መንደር በቬርናጻ ወደብ ዳር የተደረደሩት ምግብ ቤቶች ከምግቡ እኩል ባሕሩን ይሸጣሉ። በጃንጥላ ሥር ተቀምጦ፣ ከጥንቱ የዶሪያ ግንብ ግርጌ የታሰሩትን ባለ ቀለም ጀልባዎች እያዩ መብላት ደስ እንደሚያሰኝ አልክድም፤ ዋጋው ግን በስኮላርሺፕ ገንዘብ ለሚኖር ተማሪ የሚቀመስ አይደለም። እኔና አብራኝ የምትማር ጓደኛዬ በግንቦት ወር አንድ ቅዳሜ ማለዳ ከጄኖቫ በባቡር ስንነሣ ባሕሩን በነጻ አይተን ለምግቡ ብቻ የምንከፍልበት ቤት ለመፈለግ ተስማምተን ነበር። ያገኘነውም ከዋናው መንገድ በድንጋይ ደረጃ ጥቂት ወጣ ብሎ፣ በሁለት ረጃጅም ቤቶች መካከል በተጣበቀ ቦታ ላይ ጠረጴዛዎቿን የዘረጋች አነስተኛ ትራቶሪያ፣ ማለትም ቀለል ያለች የጣሊያን ምግብ ቤት ናት። የምወቅስባት ነገር ስላለ ስሟን አልጠቅስም፤ ይሁን እንጂ እዚያ የቀረበልን አቹጌ ከተባለው ትንሽ የባሕር ዓሣ የተሠራ ምግብ ጣሊያን ከገባሁ ወዲህ ከበላኋቸው ሁሉ የሚበልጥ ሆኖ ስላገኘሁት ስለ እርሱ በሰፊው መጻፍ እፈልጋለሁ።

ቦታውን ለማያውቅ አንባቢ፣ ቺንክዌ ቴሬ የሚባሉት ሞንቴሮሶ፣ ቬርናጻ፣ ኮርኒሊያ፣ ማናሮላና ሪዮማጆሬ ናቸው። አምስቱም መንደሮች በሰሜን ምዕራብ ጣሊያን፣ በሊጉሪያ ክልል፣ ተራራው ሜዳ ሳይሰጥ በቀጥታ ወደ ሜዲትራንያን ባሕር በሚወርድበት ዳርቻ ላይ ይገኛሉ። ዩኔስኮ አካባቢውን ከፖርቶ ቬኔሬና ከትናንሽ ደሴቶቿ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ብሔራዊ ፓርክ ሆኗል። ከአንዱ መንደር ወደ ሌላው ባቡሩ በዋሻ ውስጥ ለውስጥ በጥቂት ደቂቃ ያደርሳል፤ እኛ ግን ሞንቴሮሶ ላይ ወርደን በእግር መሄድን መረጥን። ወደ ቬርናጻ የሚወስደው የእግር መንገድ ርዝመቱ 3.5 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም ሽቅብና ቁልቁል የሚያስኬድ የድንጋይ ደረጃ የበዛበት በመሆኑ ወደ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ስንደርስ ጉልበታችን ዝሎ፣ ሆዳችንም ክፉኛ ተርቦ ነበር። ረኃብ ያገኘውን ሁሉ እንደሚያጣፍጥ ስለማውቅ፣ በማግስቱ በአቅራቢያው ባለችው በሌቫንቶ ከተማ ማደሪያችን ቁርስ በልቼ ተመለስኩና ያንኑ ምግብ ድጋሚ አዘዝኩ፤ ፍርዴ አልተለወጠም።

የምግብ ዝርዝሩ ከአንድ ገጽ አይበልጥም፤ ይህን እንደ መልካም ምልክት ወሰድኩት። ካዘዝናቸው አንዱ ከበሶብላ የሚሠራው የፓስታ ማባያ፣ ፔስቶ ነበር። በጄኖቫ የሚኖር ሰው በፔስቶ ጉዳይ ከሁሉም ጋር ይከራከራል፤ እኔም ልማዱ ሳይጋባብኝ አልቀረም። እኛ አገር በሶብላ ደርቆ ከበርበሬና ከሽሮ እህል ጋር የሚፈጭ፣ ቅቤ ሲነጠርም የሚጨመር ቅመም ነው፤ እዚህ ግን ለጋው ቅጠል ሳይደርቅና እሳት ሳይነካው በእብነ በረድ ሙቀጫ፣ በእንጨት ዘነዘና፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከጥድ ፍሬ፣ ከጨው፣ ከሁለት ዓይነት ፎርማጆና ከወይራ ዘይት ጋር ይወቀጣል። የጄኖቫ በሶብላ እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት የተጠበቀ ስያሜ ያለው ምርት ሲሆን ቅጠሉ ትንንሽ፣ ሽታውም ለስለስ ያለ ነው። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው የዚህች ትራቶሪያ ፔስቶ በአግባቡ የተሠራ መሆኑን ለመመስከር ነው፤ ቀለሙ አልጠቆረም፣ ነጭ ሽንኩርቱም ከበሶብላው አልቀደመም። እንደ አገሩ ልማድ ድንችና ፎሶሊያ በአንድ ድስት ከትሮፊዬ ፓስታ ጋር ተቀቅለው ቀርበዋል፤ ድንቹም በከፊል ፈርሶ ፔስቶውን ከፓስታው ጋር አያይዞታል። ያላማረልኝ ጨው መብዛቱ ብቻ ነው፤ የበግ ወተት ፎርማጆው ራሱ ጨዋማ ስለሆነ ወጥ ቤቱ እጁን መሰብሰብ ነበረበት። ዋጋው 14 ዩሮ ነው። በጄኖቫ የድሮ ሰፈር ጠባብ ጎዳናዎች ውስጥ የዚህ እኩያ የሆነ ሳህን ከዚህ ባነሰ ዋጋ ስለሚገኝ፣ ከጄኖቫ የሚመጣ ተማሪ እዚህ ድረስ ደክሞ ፔስቶ ባያዝ ይሻለዋል።

ቬርናጻ ድረስ የሚያስመጣው በመንደሩ ስም የሚጠራው የአቹጌ ምግብ፣ ተጋሜ አላ ቬርናጻና ነው። አቹጌ ከሰርዲን የሚያንስ፣ ጀርባው ሰማያዊ፣ ሆዱ ብርማ የሆነ የባሕር ዓሣ ሲሆን ብዙዎቻችን የምናውቀው በቆርቆሮ ታሽጎ፣ ጨው በዝቶበት፣ ፒዛ ላይ ሲጣል ብቻ ነው። ትኩሱ ግን ሌላ ፍጥረት ነው። የተቀመጥንበት ጠረጴዛ ከጓዳው መስኮት ፊት ለፊት ስለነበር አዘገጃጀቱን ለማየት ዕድል ገጠመኝ። በዕድሜ የገፉ አንዲት ሴት ከፊታቸው በተቀመጠው ሳህን ላይ እያንዳንዱን ዓሣ በአውራ ጣታቸው ከሆዱ በኩል ይከፍቱና ራሱን ይዘው ሳብ ሲያደርጉት አከርካሪው ከነእሾሁ ተያይዞ ይወጣል፤ ቢላዋ አልነኩም፣ ቀና ብለውም አላዩም፣ ከአስተናጋጁ ጋር ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ሳህኑ በደቂቃዎች ውስጥ ሞላ። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ቀላል ይመስላል። ጥልቀት በሌለው የሸክላ ዕቃ ላይ በስሱ የተቆረጠ ድንች ይነጠፋል፤ በላዩ አቹጌው ተዘርግቶ ይደረደራል፤ ከዚያም የተቆራረጠ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፐርስሜሎ፣ ኦሬጋኖ፣ በዛ ያለ የወይራ ዘይትና ጥቂት ነጭ ወይን ጠጅ ታክሎበት ወደ ምድጃ ይገባል።

ጠረጴዛችን ላይ ሲደርስ ዘይቱ በዕቃው ዳር ዳር ገና ይንጨረጨር ነበር። ዓሣው ሹካ ሲነካው ይበተናል እንጂ አይደርቅም፤ ምንም ዓይነት የሚከረፋ የዓሣ ሽታ የለውም፤ ቲማቲሙም እንደ ስጎ ተጨምቆ ሁሉን ቀይ ከማድረግ ይልቅ ቁርጥ ቁርጡን እንደጠበቀ በስሎ ቅመሙን ጎምዘዝ አድርጎታል። ከሁሉ የበለጠብኝ ግን ከታች ያለው ድንች ነው። የዓሣው ውኃ፣ ዘይቱና ወይኑ በሙሉ ወደ እርሱ ወርደው፣ መካከሉ እንደ ቅቤ ለስልሶ፣ ዳሩ ደግሞ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ቡናማ እስኪሆን ተጠብሷል። ጓደኛዬ ያን የተጣበቀውን በማንኪያ ስትፍቅ አስተናጋጁ አይቶ ሳይጠየቅ ተጨማሪ ዳቦ አመጣ፤ ዳቦው ግን የዚያን ቀን እንዳልነበረ ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የሳህኑ ዋጋ 18 ዩሮ ሲሆን ከፔስቶው ጋር ለሁለት ሰው በቂ ነበር። አቹጌ ርካሽ ዓሣ ነው፤ ከዝርዝሩ በታች የሰፈሩት ባለ ብዙ ዩሮ የዓሣ ዓይነቶች ከየትም ሊመጡ ሲችሉ፣ ይህኛው ግን እዚሁ ፊት ለፊት ካለው ባሕር፣ ሌሊት በጀልባ መብራት ተስቦ የሚጠመድ ነው። ገንዘቡ ውስን የሆነ ሰው በዚህ ዳርቻ ከርካሹ ዓሣ የተሻለ ምርጫ ያለው አይመስለኝም።

ለመክፈቻ የወሰድነው የሞንቴሮሶ አቹጌም መነሣት ይገባዋል። እዚያ ዓሣውንና ጨውን እያፈራረቁ ደርድረው፣ ከላይ ክብደት ጭነው ለሳምንታት ያቆዩታል፤ ሲቀርብም ጨው ተራግፎለት፣ የወይራ ዘይት ፈሶበት፣ ከዳቦና ከቅቤ ጋር ነው። ጣዕሙ ብርቱ ስለሆነ አንድ ሳህን ለሁለት ይበቃል። በሎሚ ጭማቂ ብቻ የታሸውም ቀርቦልን ነበር፤ ጥሩ ነው፣ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ወይኑን በተመለከተ፣ የቤቱ ነጭ ወይን ጠጅ ቦስኮ፣ አልባሮላና ቬርሜንቲኖ ከሚባሉት የወይን ዓይነቶች የሚጠመቅ የአካባቢው ምርት ሲሆን፣ ስኳር ስኳር ሳይል ቀለል ያለና ከኋላው ትንሽ ጨው ጨው የሚል ነው፤ ከአቹጌው ጋር በእጅጉ ይስማማል። ወይኑ የሚበቅልበትን ቦታ ጠዋት በእግር አልፈንበት ነበር፤ ያለ ጭቃ ማጣበቂያ በድንጋይ ብቻ የተካበ እርከን ከባሕሩ አፍ እስከ ተራራው ወገብ ተደርድሯል፤ የኮንሶን እርከን ያየ ሰው ወዲያው የሚያስታውሰው ነገር ነው። ይህ የካብ ጥበብ እ.ኤ.አ. በ2018 ጣሊያንን ጨምሮ በበርካታ የአውሮፓ አገሮች ስም በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። እርከኑ ግን ያለ ገበሬ አይቆምም። በኦክቶበር 2011 የወረደው ኃይለኛ ዝናብ ቬርናጻንና ሞንቴሮሶን በጎርፍና በጭቃ ሲያጥለቀልቅ፣ ጉዳቱን ካባባሱት ምክንያቶች አንዱ ባለቤቶቻቸው ጥለዋቸው የሄዱ እርከኖች መፍረሳቸው እንደነበረ ይነገራል። ዛሬ ቱሪስት የሚርመሰመስበት የቬርናጻ ዋና መንገድ ያን ጊዜ በሜትሮች በሚቆጠር ጭቃ ሥር ተቀብሮ ነበር። በዚህም የተነሣ አንድ ብርጭቆ የአካባቢው ወይን 6 ዩሮ ሲጠየቅበት እንደ ወትሮዬ አላጉረመረምኩም፤ እያንዳንዱ ዘለላ በሰው እጅ ተለቅሞ ከዚያ ገደል የሚወርድ ነውና።

ጓደኛዬ ከምግብ በኋላ ሻኬትራ የሚባለውን ጣፋጭ ወይን አዘዘች። ይህ ወይን ፍሬው በመስከረም ገደማ ከተለቀመ በኋላ ጥላ ባለው ቦታ በመደርደሪያ ላይ ተዘርግቶ ዘቢብ እስኪመስል ድረስ ከደረቀ በኋላ የሚጨመቅ ነው፤ ከብዙ ፍሬ ጥቂት ጭማቂ ብቻ ስለሚወጣም ውድ ነው። በጣት በምትለካ ብርጭቆ 9 ዩሮ ከፈለች። እኔ ከብርጭቆዋ ቀመስኩ፤ የማርና የደረቀ አፕሪኮት ጣዕም አለው፣ መጨረሻው ላይም መረር ይላል። ለአንድ ጊዜ ይቀመስ እላለሁ፤ አብሮ የመጣው ብስኩት ግን ከፋብሪካ ወጥቶ በላስቲክ የታሸገ ነበር። ለዘጠኝ ዩሮ ወይን ይህ አይመጥንም።

ከምወቅሳቸው ነገሮች ዋናው ግን መስተንግዶው ነው። ቅዳሜ ዕለት ጠረጴዛዎቹ ሁሉ ሞልተው አንድ አስተናጋጅ ብቻ ላይ ታች ይል ስለነበር፣ ከተቀመጥን በኋላ ውኃ እንኳ እስኪቀርብልን ረጅም ጊዜ ወስዷል፤ ሂሳብም ጠይቀን ሰሚ ስላጣን በመጨረሻ ራሳችን ወደ ውስጥ ገብተን ከፈልን። እሁድ ሰው ቀለል ብሎ ስለነበር ያው አስተናጋጅ ተጫዋችና ትሁት ሆኖ አገኘሁት፤ ጥፋቱ ሁለተኛ ሰው ያልቀጠሩት ባለቤቶች ነው ብዬ አምናለሁ። ሂሳቡ ላይ ኮፐርቶ የሚባል በሰው 3 ዩሮ ተጨምሯል። ይህ ለተቀመጡበት ቦታና ለዳቦ የሚከፈል፣ በጣሊያን የተለመደ ክፍያ ስለሆነ አዲስ የመጣ ተማሪ ተጭበረበርኩ ብሎ አይቆጣ፤ በምግብ ዝርዝሩ ላይ በትንሽ ፊደል መጻፉን አስቀድሞ ቢያይ ግን መልካም ነው። ከዚህ በላይ ጉርሻ መስጠት ግዴታ አይደለም።

እኛ የሄድነው በበዓለ ሃምሳ ውስጥ ስለነበር ጾም አላሳሰበንም። በጾም ወራት የሚሄድ ሰው ፔስቶ ውስጥ ፎርማጆ መኖሩን ይወቅ፤ ከመንደሩ ዳቦ ቤቶች በወይራ ዘይት ብቻ የተጋገረ ፎካቻ የሚባል ጠፍጣፋ ዳቦና ከሽምብራ ዱቄት የሚሠራ ፋሪናታ ያገኛል፤ ሁለቱም በጥቂት ዩሮ ሆድ ይሞላሉ። ተጋሜው ውስጥ ወይን ጠጅ ስለሚገባ አልኮል የማይቀምስም አስቀድሞ ቢያስታውቅ ያለ ወይን ያዘጋጁለታል፤ አጠገባችን የተቀመጡ እንግዶች ጠይቀው ሲሆንላቸው አይቻለሁ።

ወጥ ቤቱ ምሳ የሚያቀርበው በአገሩ አቆጣጠር ከ12፡30 እስከ 14፡30 ብቻ ነው፤ የእግር መንገዱን ይዞ የሚመጣ ሰው ከሞንቴሮሶ ቢዘገይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ አራት ሰዓት ተኩል ላይ ቢነሣ ይደርሳል። የእግር መንገዱም ክፍያ ስላለው፣ መንገዱንና በሌቫንቶና በላ ስፔጺያ መካከል የሚመላለሱትን ባቡሮች አንድ ላይ የሚያካትተውን የፓርኩን የቀን ካርድ መግዛት ያዋጣል። ባሕሩ ታውኮ ጀልባዎች ባልወጡበት ማግስት ትኩስ አቹጌ ላይኖር ስለሚችል ከመቀመጥ በፊት መጠየቅ ያስፈልጋል፤ የለም ከተባለ ሌላ ዓሣ ከማዘዝ ይልቅ በባቡር ወደ ሞንቴሮሶ ተመልሶ ጨው የተደረገበትን በፎካቻ መብላት ይሻላል።