የመዳብ ሮንዴላ፦ ናፍጣ ለሚያንጠባጥብ መስመር

ደብረ ማርቆስም ሆነ ቡሬ፣ መለዋወጫ ሱቅ ገብቶ «የናፍጣ ሮንዴላ» (ናፍጣ እንዳያንጠባጥብ ብሎን ስር የሚገባ ስስ ቀለበት) ማለት ብቻ አይበቃም፤ የተፈታውን ብሎን ይዞ መሄድ ነው። ለ12 ሚሊሜትር ብሎን የሮንዴላው ቀዳዳ 12፣ ለ14 ደግሞ 14 ይሁን። ከሰፋ ወደ ጎን ይንሸራተትና አንዱን ጠርዝ ሳይዝ ይቀራል።

ከሚሸጡት ሁሉ ድፍን መዳቡን እንመርጣለን። ለስላሳ ስለሆነ ሲጠብቅ የገጹን ጭረት ይሞላል። አሉሚኒየሙም ይይዛል፤ ግን አንዴ ከተጨመቀ ይጣል። የውሃ ቧንቧ ጎማ ፈጽሞ አይግባ! አብዛኛው እንዲህ ያለ ጎማ ናፍጣ ሲነካው ያብጣል።

የቱቦው ዐይን (ብሎኑ የሚያልፍበት የጫፉ ቀለበት) በብሎን ሲታሰር ሮንዴላው ሁለት ነው፣ ከላይና ከታች። የሚረሳው የታችኛው ነው፤ አሮጌው ተጣብቆ ይቀርና አዲሱ በላዩ ይደረባል፣ ማንጠባጠቡም ይቀጥላል። ከታንከር ወደ ፖምፓ በሚስበው በኩል ከሆነ ደግሞ ናፍጣ ላይታይ ይችላል፤ አየር ይስባል፣ ጠዋት ሞተሩ አልነሳም ይላል።

አዲስ ከታጣ አሮጌው መዳብ ከመኪናው ርቆ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን ይጋል፣ ውሃ ውስጥ ይነከር፣ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ይጽዳ፤ ይለሰልሳል። አሁንም ካንጠባጠበ በረጅም ቁልፍ መታገል ብሎኑን ይበጥሳል። የሚቀመጥበት ገጽ ተጭሮ እንደሆነ ይታይ።